ቢላዋውን ከመረከባችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የቤተሰባችሁን ሥጋ ቤት ለመረከብ ለተዘጋጃችሁት ነው። አያቴ ከፍቶ አባቴ ባቆየው ሥጋ ቤት አርባ ዓመት ቆርጫለሁ። ያም ሆኖ የቤቱን ታሪክ ንገረን ብትሉኝ፣ ማን ከማን እንደተረከበ ከመቁጠር አላልፍም ነበር። ታሪኩ በሥራው ውስጥ እንዳለ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አባቴ ሥጋ አስቀድሞ አይፈጭም። ሰው መጥቶ ሲያዝ ብቻ እዚያው ቆርጦ ይፈጭለታል። ወረፋው ሲረዝም እኔ እበሳጭ ነበር። ቤቱ እጄ እንደገባ ትልቅ መፍጫ ገዛሁና ጠዋት ፈጭቼ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የድሮ ደንበኛችን የገዛውን መልሶ አመጣ፤ ሸትቷል። ቃል አልተናገረኝም፤ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦት ሄደ። ምክንያቱን ያወቅሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ያልተቆራረጠ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚኖረው ከላይ ነው፤ ሲፈጭ ግን የላዩ ከውስጡ ይደባለቃል፣ አየር የሚያገኘውም ይበዛል። አባቴ ይህን ከማንም መጽሐፍ አላነበበም። እኔም አንድ ቀን እንኳ «ለምን?» አላልኩትም።

አባቴ «ትኩስ ሥጋ ብርድ አታስደንግጡት» የሚለውም እንዲሁ ነው። የታረደ ከብት ጡንቻ ገና ሳይገተር በፍጥነት ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ይኮማተራል፤ ሲበስልም ይጠነክራል። በወጉ ቀዝቅዞ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ለቀናት ሲሰቀል ደግሞ የራሱ ኢንዛይሞች ያለሰልሱታል።

ስለዚህ አባትና እናታችሁን ሥጋ ቤቱ መቼ እንደተከፈተ ብቻ አትጠይቋቸው። እየቆረጡ ሳለ አጠገባቸው ቆማችሁ፣ ቢላዋው ለምን በዚያ በኩል እንደገባ ጠይቁ። ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል፤ ቅዱት።

የድሮ የዱቤ ደብተሮችንም አትጣሉ፤ እለምናችኋለሁ። በረዶ የሆነ ሥጋ የጫነችው «ደነዲን» የተባለች መርከብ ከኒውዚላንድ ተነስታ ለንደን የገባችው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ ማቀዝቀዣ ትንንሽ ሥጋ ቤቶች ዘንድ እስኪደርስ ግን ብዙ ዘመን አልፏል። አያቴ የሠራው ያለ ማቀዝቀዣ ነው። ያረደው በዕለቱ ካላለቀ ኪሳራ ነበር። የትኛው ቤት በየትኛው ቀን ስንት ኪሎ እንደሚወስድ የሚነግረው ሴት አያቴ የምትይዘው የዱቤ ደብተር ነው። የቤቱ ግማሽ ዕውቀት እሷ ዘንድ ነበር፤ ስሟ ግን በሩ ላይ ተጽፎ አያውቅም።

በደብተሩ ውስጥ «ተከፈለ» ሳይባል የተሰረዙ ዕዳዎች አሉ። የጽሕፈት ስህተት መስሎኝ ነበር። አክስቴ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ እያሳለፈች፣ የተሰረዙት በዚያ ወር ሐዘን የገባባቸው ቤቶች መሆናቸውን ነገረችኝ። ገና ሁለት ደብተር ይቀረናል። ዓይኗ እየደከመ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ለልጄ ትቼ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ።