ማሽላው ይገልበጥ ወይስ ይጠበቅ? ከቆቦ ለመጣ ጥያቄ

ከሰሜን ወሎ፣ ከቆቦ ሜዳ አንድ ወጣት የሱንና የአባቱን ክርክር በስልኩ ጽፎ ልኮልኛል፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ሰኔ 20 እና 21 ደህና ዝናብ ጣለና መልካም የሚባለውን ማሽላ ዘራን፣ በቀለም፣ ከዛ ወዲህ ግን 17 ቀን ሆነው ጠብ ያለ ነገር የለም። በሬዲዮ ዘንድሮ ክረምቱ ጥሩ ነው ተብሎ ነበር፣ የስልኬ አፕ ደግሞ በየቀኑ ነገ ይዘንባል ይላል። አባቴ ገልብጠን ጤፍ እንዝራ ይላል፣ እኔ እንጠብቅ ባይ ነኝ። መኖም ስላለቀብን ከብቶቹን ማሽላው ላይ ልንለቃቸው ነው። ምን ትላለህ?»

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር ምክንያቱም የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ከብቶቹን እንዳትለቋቸው! ውሀ የጠማው ለጋ ማሽላ ውስጡ መርዝ ይይዛል፣ ሳይናይድ የሚሉት ማለት ነው፣ የተራበ በሬ ሆዱን ሞልቶ ከበላው ትንፋሹ ይቆራረጥና ይንገዳገዳል፣ ሀኪም እስኪጠራ አይጠብቅህም። ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ነው፣ ተመስገን ድርቁ አለፈ ብሎ ከብቱን ይለቃል፣ ከድርቅ በኋላ የሚወጣው አዲሱ ቀንበጥ ግን ይብሳል እንጂ አይሻልም። እስከ ወገብ ሳይደርስ አታስነኩ። የግድ ከሆነ አጭዳችሁ ፀሀይ ላይ በደንብ አድርቁት፣ ሲደርቅ መርዙ አብዛኛው ተኖ ይሄዳል። የመኖው ነገር ካልተቻለ ደግሞ በግ ወይም ያረጀች ላም አሁን ሳትከሳ ሽጡ፣ የእርሻ በሬ ግን አትንኩ፣ ዝናቡ ሲመጣ በምን ልታርሱ ነው።

ወደ ትንበያው ልምጣ። ክረምቱ ጥሩ ነው ሲባል ምን እንደተባለ ብዙ ሰው አይገባውም፣ እውነቱን ለመናገር የምናስረዳው እኛ ባለሙያዎችም አንዳንዴ አይገባንም። የወቅት ትንበያ የሚነግርህ የአራት ወር ድምር ነው፣ እሱንም በእድል፣ ማለትም ከመደበኛ በላይ የመሆን እድሉ ይሄን ያህል፣ በታች የመሆን ይሄን ያህል እያለ። የብዙ ዓመት አማካዩን ይወስድና ከ75 እስከ 125 ፐርሰንት ያለውን ሁሉ መደበኛ ይለዋል። እና 300 ሚሊ ሜትር በ40 ቀን ተከፋፍሎ ቢጥልም መደበኛ ነው፣ በ12 ቀን ወርዶ አፈርህን ጠራርጎ ቢሄድም መደበኛ ነው። በመሀል ሶስት ሳምንት ይቀራል ወይ ለሚለው መልስ የለውም። አፑም ቢሆን ሰፊ አካባቢን ባንድ ቁጥር ነው የሚያየው፣ የዞብልን ተራራና ያንተን ሜዳ አይለይም፣ የክረምት ደመና ደግሞ ታውቀዋለህ የጎረቤትህን አርጥቦ ያንተን ዘሎት ይሄዳል። ለዚህ ጉዳይ የሚሻልህ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየ10 ቀኑ የሚያወጣው ነው፣ ከወረዳ ግብርና ጠይቅ፣ እሱንም ቢሆን ከአፈርህ ጋር እያስተያየህ።

እኔ በዲኤነት፣ ማለትም በቀበሌ የግብርና ባለሙያነት፣ የመጀመሪያ ዓመቴ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ቤት ለቤት እየዞርኩ ዝሩ ዝሩ ብዬ ነበር። አንድ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ ማሳቸው ውስጥ ወሰዱኝና በከዘራቸው ጫሩት፣ ከጣት አንጓ በታች አፈሩ ዱቄት ነው። «ይሄ አቧራ ነው ያጠፋው፣ መሬት አላጠገበም» አሉኝ። የሰሙኝ ዘራቸው ባከነባቸው፣ እሳቸው ጠበቁ። ከዛ ወዲህ ሳልቆፍር ዝሩ ብዬ አላውቅም።

እና አንተም ቆፍር። ነገ ሳይሞቅ ማሳው ውስጥ ግባ፣ ቀትር ላይ ቅጠሉ መጠቅለሉ አያስደንግጥህ ማሽላ እንደዛ ነው ራሱን የሚያድነው፣ ጠዋት ተዘርግቶ ካገኘኸው አለ ማለት ነው። ከአምስት ስድስት ቦታ አንዳንድ ቡቃያ ንቀልና ግንዱን ከስሩ ከፍ ብለህ ለሁለት ሰንጥቀው፣ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ህይወት አለው፣ ቡናማ ከሆነና ከለሰለሰ አበቃ። ከዛ በመስመር የዘራችሁት ከሆነ አንድ ሜትር ላይ ስንት ህያው እንዳለ ቁጠር፣ ደህና ማሳ ላይ አምስት ስድስት ይኖራል፣ ሶስት ካገኘህ አትገልብጠው።

ለምን አትገልብጥ እንደምልህ በቀን እናስላው። መልካም ለማበብ 70 ቀን ገደማ ይፈልጋል እንበል። የሰኔ 21ዱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያብባል፣ ያኔ ዝናቡ ገና አለ። አሁን ሐምሌ 10 ገልብጠህ እንደገና ማሽላ ብትዘራ ግን የሚያብበው መስከረም አጋማሽ ነው፣ እናንተ ጋ ደግሞ ዝናቡ ብዙ ጊዜ መስከረም መጀመሪያ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ አገዳ እንጂ እህል አታገኝም። ቡቃያው ካለቀ ግን ትክክሉ አባባ ናቸው፣ ጤፍ ነው። ጤፍም ማንኛውም አይደለም፣ ቦሰት ወይም ፀደይ፣ 80 ቀን አካባቢ የሚደርሱት፣ ሐምሌ 15 ቢዘራ መስከረም መጨረሻ ላይ ይታጨዳል። ከዛም ከዘገየ ማሾ አለ፣ እሱም ካለፈ ዋልካው (ጥቁሩ) መሬት ላይ ነሐሴ መጨረሻ ሽምብራ። ዘሩን ግን አሁኑኑ ፈልጉ፣ የድርቅ እርዳታ ዘር ይመጣል ብላችሁ አትቀመጡ፣ ሲመጣም ተዘርቶ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሳትጠይቁ አትቀበሉ።

ማሽላው ይቆያል ካላችሁ ሽልሻሎውን፣ ማለትም በቡቃያው መሀል በበሬ የምታርሱትን፣ ቁልቁል ሳይሆን ተዳፋቱን አቋርጣችሁ አውጡ፣ ቦዩን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ዝጉት፣ ዝናቡ ሲመጣ እዛው ይቀራል። ጎርፉን ወደ ማሳ የሚያስገባውን መጥለፊያም ካሁኑ ጥረጉ፣ ተራራው ላይ ዘንቦ ሜዳው ደረቅ ሆኖ ጎርፉ ሲያልፍ ከማየት የባሰ የሚያናድድ ነገር የለም። ዩሪያ ደግሞ ደረቅ አፈር ላይ እንዳትበትኑ፣ ብራችሁን ነው ንፋስ የሚወስደው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ራቅ አድርገህ ማሳው ውስጥ ትከል፣ በዘነበ ማግስት ጠዋት በማስመሪያ ለካው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ውሀ ነው። ማሽላው አልቆ ከሆነ፣ በሶስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ከሞላና አፈሩም አንድ ስንዝር ከረጠበ ጤፉን ዝሩ። ካልሞላ የአባባን ጤፍ ጎተራ አቆዩት፣ ሜትሩ ላይ ስንት ህያው እንደቆጠርክ ደግሞ ነገ ጻፍልኝ።