መርህ ከግድግዳ ወርዶ ወደ ውሎ እንዲገባ

በዚህ እትም የምመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው ባይተዋወቁም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ በመሆኑ አንድ ላይ ማቅረቡን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ቀን በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ፤ ማታ የዲግሪ ትምህርቴን እከታተላለሁ። ባለፈው ዓመት ራስን ስለ ማሳደግ የተሰጠ ሥልጠና ከተካፈልኩ በኋላ ሕይወቴን የምመራባቸው 12 መርሆች በጥሩ ጽሕፈት ጽፌ ከአልጋዬ ትይዩ ለጠፍኳቸው። «ሐቀኛ እሆናለሁ»፣ «ጊዜዬን በአግባቡ እጠቀማለሁ»፣ «ሰውን በትዕግሥት እሰማለሁ» የሚሉና የመሳሰሉት ናቸው። በየማለዳው አነባቸዋለሁ። ውሎዬ ግን ከጽሑፉ ጋር አይገናኝም፤ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ፣ የጥናት ሰዓቴን ስልክ ይበላዋል፣ ታናሽ ወንድሜን በሆነ ባልሆነው እቆጣዋለሁ። አሁን አሁን ወረቀቱን ማየት ራሱ ያሳፍረኛል። በመርህ መኖር ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም ማለት ነው ወይስ አያያዜ ላይ ስሕተት አለ?

መልስ፦ እህታችን፣ ለመርሆቹ ግድ የሌለው ሰው ወረቀቱን አይቶ አያፍርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው፤ በመርህ መኖር ለእርስዎም ይሆናል። ችግሩ ያለው በእርስዎ ጠባይ ላይ ሳይሆን መርሆቹ በተጻፉበት መንገድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ለማየት ከከተማችን ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበትን የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ያውቁታል። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ሥርዓት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆኖ ኖሯል፤ ሕዝቡም ኑሮውን በቡናና በጌሾ ላይ መሠረተ። በሐይቁ ዙሪያ ያለው አብዛኛው መሬት ታርሶ ደኑ ሲመናመን የዘጌ ደን፣ ዛሬ ጫናው ቢበረታበትም፣ እስከ ዘመናችን የደረሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ክልከላ ነው። ሥርዓቱ «ደን ውደዱ» ወይም «ለተፈጥሮ አስቡ» አይልም። አትረሱ፣ ከብት አታስገቡ ይላል። በሬውን እየነዳ የሚመጣ ሰው ሥርዓቱን መጣሱን እርሱም፣ ጎረቤቱም፣ በመንገድ የሚያገኘው ሕፃንም በዚያው ቅጽበት ያውቃሉ። ከዘመን ዘመን የሚሻገር መርህ እንዲህ ያለው ነው፤ መጠበቁና መጣሱ በዓይን ይታያል።

በቤታችንም ማስረጃው አለ። ብዙ ትምህርት የሌላት እናት ረቡዕና ዓርብን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጾም እናያለን፤ ሙስሊም ጎረቤቷም አምስቱን ሶላት በየወቅቱ ይሰግዳል። ሁለቱም ፈተና የማያገኛቸው፣ ድካምም የማይሰማቸው ሰዎች አይደሉም። ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ የተወሰነ፣ የሚደረገውና የማይደረገው የታወቀ፣ ዙሪያቸውን ያለው ሰውም አብሮ የሚጠብቀው በመሆኑ ግን በየማለዳው እንደ አዲስ መወሰን አይጠበቅባቸውም። ሃይማኖትን ከግል ዕቅድ ጋር አንድ ማድረጌ አይደለም፤ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚያዝ ግን ከዚያ መማር እንችላለን።

አሁን ወደ እርስዎ መደብር ልግባ፤ ጉዳዩ በእውነት የሚፈተነው እዚያ ነውና። «ሐቀኛ እሆናለሁ» ብለዋል። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት ለመሥሪያ ቤቱ ቆርቆሮና ሚስማር ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ ደረሰኙ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ» ቢልዎ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ምን ያደርጋል? ሰውየው ቋሚ ደንበኛ ነው፤ ቀጣሪዎ እንዳይቆጡ ይፈራሉ፤ ይሉኝታም ይይዝዎታል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሆኖ ሐቀኝነት ምን ማለት እንደሆነ ማሰላሰል አይቻልም፤ መወሰን የነበረበት አስቀድሞ ነው። ስለዚህ መርሁ «ከተከፈለው ዋጋ ውጭ በደረሰኝ ላይ አልጽፍም» ተብሎ ይጻፍ። ለሰውየው የሚመልሱትንም ቃል ቤትዎ ሆነው ያዘጋጁት፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ከከፈሉት ውጭ አልጽፍም፤ በሌላ ነገር ልርዳዎት» ማለት በቂ ነው። ከዚህም በፊት ለቀጣሪዎ ይህንን እንደማያደርጉ ነገሩ ሳይነሣ በሰላሙ ቀን ይንገሯቸው። ቀጣሪዎ ካልተስማሙ ደግሞ ትልቅ ነገር አወቁ ማለት ነው፤ ያ ቤት የዘላቂ ሥራ ቦታዎ መሆን አለመሆኑን ቁጭ ብለው ማሰብ ይኖርብዎታል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው። «እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ብቻ ካቀደ ሰው ይልቅ «ይህ ሁኔታ ሲገጥመኝ ይህንን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ቦታውን ከድርጊቱ ጋር ያሰረ ሰው ሐሳቡን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በዚህ መንገድ «ጊዜዬን በአግባቡ እጠቀማለሁ» የሚለው «ከመደብር ወጥቼ ክፍል እስክገባ ስልኬ ከቦርሳ አይወጣም» ይሆናል። «በትዕግሥት እሰማለሁ» የሚለውም «ወንድሜ ሲናገር ሳይጨርስ አልመልስለትም» ይሆናል። ታላቅነታቸው የቀነሰ ሊመስልዎ ይችላል፤ ነገር ግን ማታ ላይ ጠበቅሁት ወይስ አልጠበቅሁትም ብለው ሲጠይቁ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለሱት እነዚህ ብቻ ናቸው።

ስለ ብዛታቸውም ልናገር። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን (ከ1706 እስከ 1790 እ.ኤ.አ. የኖረ) በወጣትነቱ ሕይወቱን የሚያርምባቸውን ምግባራት ሲዘረዝር በመጀመሪያ እንደ እርስዎ 12 ነበሩ፤ አንድ ወዳጁ «ሰው ትዕቢተኛ ነህ ይልሃል» ብሎ በግልጽ ሲነግረው ትሕትናን 13ኛ አድርጎ ጨመረ። ይሁን እንጂ ሁሉንም በአንድ ቀን ሊጠብቅ አልሞከረም። በእያንዳንዱ ሳምንት ትኩረቱን በአንዱ ላይ ብቻ እያደረገ፣ በትንሽ ደብተር ላይ ሰባቱን ቀናት አስምሮ ለየጥፋቱ ጥቁር ነጥብ እያኖረ፣ 13ቱን ሳምንታት ሲጨርስ እንደገና ይጀምር ነበር። ያን ያህል ተጠንቅቆም ዕቃን በቦታው፣ ሥራን በሰዓቱ የማድረግ ሥርዓት ዕድሜውን ሙሉ እንዳስቸገረው ራሱ ጽፏል። እኔ ለእርስዎ የምመክረው ከእርሱም ያነሰ ነው፤ ከ12ቱ ሁለት ይምረጡ። 12ቱን በአንድ ጊዜ መያዝ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ይሆናል። የሚመርጧቸውም በሥልጠናው ከተሰጡት መካከል የሚያምሩት ሳይሆኑ ባለፈው ወር ከሁሉ ይልቅ ያስጸጸትዎ ነገር የሚያመለክታቸው ይሁኑ። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ዝርዝር የሚያድሉ ሥልጠናዎችን የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአንዱ ሰው ድካም ከሌላው ይለያልና። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው የእርስዎ የመጀመሪያው የወንድምዎ ጉዳይ ይመስለኛል፤ ደንበኛው ቁጣዎን ችሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ልጁ ግን አብሮት ያድጋል።

አንድ ቀን ቢስቱስ? በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከምሳ ጋር አንድ ብርጭቆ ውኃ እንደ መጠጣት ያለ ቀላል ድርጊት ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በስሌታቸው መሠረት ከ18 እስከ 254 ቀናት እንደሚወስድ፣ መሃለኛውም 66 ቀን አካባቢ እንደሆነ አግኝተዋል። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን አንድ ቀን መሳት የልማዱን ግንባታ ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንዳልጎዳው ማሳየታቸው ነው። እንግዲህ በሦስት ወር አልተለወጥሁም ብሎ ተስፋ መቁረጥ ተገቢ አይደለም። ወረቀቱን ከግድግዳ ያንሡት፤ ሁለቱን መርሆች በኪስ ደብተር ጽፈው ከመተኛትዎ በፊት ስለ ዕለቱ አንድ መስመር ብቻ ይጻፉ። ወንድምዎን የሚመለከተውን መርህ ለራሱ ለወንድምዎ ይንገሩት፤ ሲረሱ እንዲያስታውስዎም ፈቃድ ይስጡት።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከደመወዜ አስቀድሜ ሳልቆጥብ ምንም አላወጣም የሚል መርህ አለኝ። ነገር ግን ዘመድ ከገጠር ለሕክምና ሲመጣ፣ ለቅሶ ሲያጋጥም፣ ማኅበር ሲደርስ ይፈርሳል። በቅርቡ አጥብቄ ልያዘው ብዬ ለአጎቴ ልጅ ብድር ስከለክል ባለቤቴ «ይህ መርህህ ከሰው እየለየህ ነው» አለችኝ። መርሄን ልተው ወይስ ልጽና?

መልስ፦ መምህር፣ የባለቤትዎ ቃል መርሁን የሚቃወም ሳይሆን የጎደለውን የሚያመለክት ነው። መርህዎ ብቻውን ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው፤ እርስዎ ግን ዘመድ፣ ዕድርና ማኅበር ያለዎት ሰው ነዎት። ለቅሶና የታመመ ዘመድ ወጪው መቼ እንደሚመጣ ባይታወቅም መምጣቱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ዱብ ዕዳ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ከደመወዝዎ ለቁጠባ አስቀድመው እንደሚያነሡ ሁሉ ለሰው የሚሆነውንም በዚያው ቀን ለብቻው ያንሡ። መጠኑን ግን ብቻዎን አይወስኑ፤ ከሌላ ሰው ማዕድ ላይ የሚቀነስ መርህ ያ ሰው ሳይመክርበት ሊጸና አይገባም። የአጎትዎ ልጅ ሲመጣም «ለዚህ ያስቀመጥነው ይህን ያህል ነው፤ ይህንን በስጦታ ውሰድ» ማለት ይቻላል። ብድር ሲከለከል ቅሬታ ያስከትላል፤ ሲሰጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝምድናን ያሻክራል። ከአቅም የተሰጠ ትንሽ ስጦታ ከሁለቱም ያድናል።

ቁጠባውን ራሱ በተመለከተ ዕቁብ መግባትን ያስቡበት። ዕጣው የሚወጣበት ቀንና የሚከፈለው መጠን የታወቀ፣ የሚጠብቁዎትም ሰዎች ያሉ በመሆናቸው ብቻዎን የሚያፈርሱትን ውሳኔ ከሌሎች ጋር ሲሆኑ አያፈርሱትም። ወለድ እንደማያስገኝ አውቃለሁ፤ ለእርስዎ ችግር ግን መድኃኒቱ ወለድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት በማመላለስ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ባለፉት ዓመታት በመጀመሪያ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በሰላም እጦቱ ምክንያት ጎብኚ በጣም ቀንሷል። ወዳጆቼ «አመለካከትህን ቀይር፣ መርህ ይኑርህ» ይሉኛል። ሥራ በሌለበት መርህ ምን ይሠራል? አንዳንዴ አንድ እንግዳ ሲገኝ የሦስት ሰው ዋጋ ልጠይቀው እፈተናለሁ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ የገቢዎ መቀነስ የአመለካከት ጉድለት ነው የሚልዎትን አይስሙ። ጎብኚ ያራቀውን ነገር እርስዎ አላመጡትም፤ መርህም እንጀራ አይጋግርም። በባርነት ተወልዶ በኋላ የፍልስፍና መምህር የሆነው ኤፒክቴተስ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተምር የነበረው በእጃችን ያለውንና የሌለውን እንድንለይ ነው። የጎብኚው መምጣት በእጅዎ የለም። የሞተሩ ደኅንነት፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያው ብዛትና ለሰው የሚናገሩት ዋጋ ግን በእጅዎ ናቸው። ኑሮውን ለመደገፍ ከዘጌ ቡናና ጌሾ ይዘው ወደ ባሕር ዳር ገበያ ከሚመጡት ነጋዴዎች ጋር በቋሚነት ለመሥራት መነጋገር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ክፍያው ከጎብኚው ቢያንስም ወቅት ሳይጠብቅ የሚገኝ ሥራ ነው።

የዋጋውን ፈተና ግን አቅልለው አይዩት። ሥራ በቀዘቀዘበት ጊዜ የሚመጣው ጥቂት እንግዳ ሲመለስ ስለ ጣና ለሌሎች የሚናገር ሰው ነው፤ የሦስት ሰው ዋጋ የከፈለ ሰው ምን እንደሚናገር መገመት አያዳግትም። ይህንንም ለመጠበቅ በዕለቱ በሚኖርዎ ብርታት አይመኩ፤ ቤት ውስጥ ዱቄት ባለቀበት ቀን ብርታት አይገኝም። የጉዞውን ዋጋ በየገዳሙ ለይተው፣ እንግዳው አንድም ይሁን ብዙ ጀልባው የሚነሣበትን ሒሳብ ወስነው በጀልባው ጎን በጉልህ ያስጽፉት። በማኅበር ተደራጅታችሁ የምትሠሩ ከሆነም ሁሉም ጀልባዎች አንድ ዓይነት ዋጋ እንዲያስጽፉ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሐሳቡን እርስዎ ያቅርቡ፤ አንዱ ጽፎ ሌላው ካልጻፈ እንግዳው ገና ወደቡ ላይ ሳለ ሽሚያ ይነሣልና።