«ሁሉም ይነቀል አሉኝ፤ ምን ላድርግ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 63 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ወንጂ ስኳር ፋብሪካ መንደር ነው፤ እዚያው በመካኒክነት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን አዳማ ነው የምኖረው። ጥርሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናማ ነው፣ እሱን ለምጄዋለሁ። አሁን ግን እየተነቃነቀ አስቸገረኝ። ከላይ አምስት፣ ከታች ሰባት ቀርተውኛል። ስኳርም አለብኝ። አዲስ አበባ አንድ ክሊኒክ ብሄድ «ሁሉም ተነቅሎ በኢምፕላንት፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል የብረት ሥር፣ ይተካል፣ በዚያው ቀን ጥርስ ይዘው ይወጣሉ» አሉኝ። አዳማ ያየኝ ሐኪም ደግሞ «ወልቆ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይበቃዎታል» አለኝ። ውጭ አገር ያለችው ልጄ «እኔ እከፍላለሁ፣ ደህናውን አሠራ» ትለኛለች። ገንዘቧን በከንቱ እንዳላፈስ ፈራሁ። ደግሞም የልጅ ልጄ ከእኛ ጋር ነው፤ ጥርሱ እንደ እኔ እንዳይሆን ምን ላድርግ?
ጡረተኛው፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጋሼ፣ እኔንም ያሳደገኝ ይኸው የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው። የፊት ጥርሶቼ ላይ ቡናማ መስመር አለ። ታካሚዎቼ ያዩና «ውይ፣ ሐኪሟም!» ብለው ይስቃሉ። ስለዚህ የቀለሙን ነገር ከሌላው ለይተን እንየው።

ቡናማነቱ የመጣው ውሃው ውስጥ ካለው ፍሎራይድ ከሚባል ማዕድን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በወንጂ የነበሩት ጉድጓዶች ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ያልፉ ነበር። ፍሎራይዱ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። ከበቀለ በኋላ ቀለሙ ይቆያል እንጂ በዚያ ምክንያት ጥርሱ አይነቃነቅም። በቀለሙ ብቻ የሚነቀል ጥርስ የለም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፦ ወገብዎ ወይም አንገትዎ አልታጠፍ ብሎ ይደርቃል? ፍሎራይድ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትም ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ መንጋጋዎን የሚያየው ሐኪም አስቀድሞ ይወቀው።

የመነቃነቁ ምክንያት ሌላ ነው። ሲቦርሹ ድድዎ ይደማል? ጥርሱ ረዝሞ ሥሩ ይታያል? አፍዎ ይሸታል? እንግዲያው የድድ በሽታ ነው። ጥርሱን የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስኳር በደንብ ካልተያዘ ደግሞ ያፋጥነዋል። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። ኢምፕላንት እንደ ጥርስ አይቦረቦርም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን በዚሁ በሽታ ይጠቃል። ድዱ ሳይታከም ኢምፕላንት ከገባ፣ ያው ችግር በውድ ዋጋ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። መጀመሪያ ድዱ ይጽዳ፣ ይታከም። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና ይታይ። ከአሥራ ሁለቱ ጥቂቶቹ፣ በተለይ የታች ክራንቻዎቹ፣ ጸንተው ሊቆዩ ይችላሉ። የራስ ጥርስን የሚያህል ኢምፕላንት እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ኢምፕላንቱ። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያወቀው ስዊድናዊው ብሮነማርክ ነው። የመጀመሪያውን ታካሚ ያከመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሰውየው ኢምፕላንቶቹን ይዞ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረ። ስለዚህ ነገሩ ወሬ አይደለም፣ ይሠራል። ግን አጥንቱ ኢምፕላንቱን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል፦ ከታች ሦስት አራት ወር፣ ከላይ አጥንቱ ስለሚለሰልስ አራት እስከ ስድስት ወር።

«በዚያው ቀን ጥርስ» የተባለው ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ግን አልተነገረዎትም። በአንድ መንጋጋ አራት ኢምፕላንት ይገባል። የኋለኞቹ ሁለቱ ዘንበል ብለው የሚገቡት ከላይ ሳይነሱን (ከላይኛው መንጋጋ በላይ ያለውን የአየር ክፍተት)፣ ከታች ነርቩን እንዳይነኩ ነው። ሲገቡ በደንብ ከጠበቁ በላያቸው የፕላስቲክ ጥርስ ይታሰራል። ያ ጊዜያዊ ነው። ሁለት ሦስት ወር ለስላሳ ነገር ብቻ ይበሉበታል፤ አጥሚት፣ ሾርባ፣ በደንብ የበሰለ ሽሮ። ቆሎ የለም፣ ጥሬ ሥጋ የለም። ዋናው ጥርስ የሚሠራው አጥንቱ ኢምፕላንቱን ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲነገርዎ «ይህ የጊዜያዊው ነው የዋናው?» ብለው ይጠይቁ። መንቀሉ፣ ሲቲ ስካኑ፣ ሁለቱም ጥርሶች፣ ቀጥሎ ያለው ክትትል፣ ሁሉም ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጥዎ። በቃል የሚነገር ጠቅላላ ዋጋ አይቀበሉ።

ከዚያ በፊት ግን ስኳሩ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ያሠሩ። ከ8 ከመቶ በላይ ከሆነ እኔ አልጀምርም፣ ጊዜ ወስደን እናስተካክለዋለን። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም ግዴታ ነው። ለአጥንት መሳሳት ኪኒን ወይም መርፌ ወስደው ከሆነ አይደብቁ፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ መንጋጋው አልድን ሊል ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም በራስዎ አያቁሙ፣ የሰጠዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ ሁለቱም ሐኪሞች የተዉት መሐከለኛ መንገድ አለ። የላይኛው ወልቆ የሚገባ ጥርስ ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፤ አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። የሚያስለቅሰው የታችኛው ነው። ምላስ እየገፋው ይንሳፈፋል፤ እንጀራ እየበሉ ብድግ ይላል። ስለዚህ የታች ጥርሶችዎ የማይድኑ ከሆነ፣ ታች ከፊት በኩል ሁለት ኢምፕላንት ብቻ ይግባ። ጥርሱ በእነሱ ላይ ጠቅ ብሎ ይያዛል፣ ማታ ይወልቃል፣ ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሞንትሪያል ተሰብስበው የነበሩ ባለሙያዎችም ጥርስ ለሌለው የታች መንጋጋ መነሻው ይህ ይሁን ብለው ነበር። ወጪው ከሙሉው በጣም ያንሳል፣ ማጽዳቱም ለእርስዎ ይቀላል። ጥርሱን የሚይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች ግን ያልቃሉ፤ በየጊዜው መቀየር አለባቸው። ሙሉውን የማይወልቀውን ከመረጡም አልከለክልዎትም፤ ልጅዎ ከቻለች የእርስዎ ምርጫ ነው። ብቻ ከሥሩ በልዩ ትንንሽ ብሩሽ በየቀኑ መጽዳት አለበት። ይህን የሚሰለቹ ከሆነ ከአሁኑ ይተዉት።

የትኛውንም ይምረጡ፣ አንድ ነገር እንዳይረሱ። መካኒክ ነዎት፣ ይገባዎታል፦ የአንዱ ፋብሪካ ቡሎን በሌላው ቁልፍ አይፈታም። ኢምፕላንትም እንዲሁ ነው። ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ አሠርተው የሚመጡ ሰዎች እኔ ዘንድ «ብሎኑ ላልቷል» ብለው ይመጣሉ። የማን ሥሪት እንደሆነ አያውቁም፣ ወረቀት የላቸውም። ኤክስሬይ አንስቼ እገምታለሁ፤ አንዳንዴም የሚገጥም ቁልፍ አጥቼ ወደ ሠራው ሰው እመልሳቸዋለሁ። እርስዎ የኢምፕላንቱን ስም፣ መጠኑንና ቁጥሩን የያዘ ካርድ ሳይቀበሉ ከክሊኒኩ እንዳይወጡ። ፎቶ አንስተው ለልጅዎም ይላኩላት። ደግሞ ክሊኒኩን «ከሁለት ዓመት በኋላ ቢላላ ማን ያየኛል?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ ከተድበሰበሰ ይውጡ።

አዲስ አበባ መመላለሱንም በሒሳቡ ያስገቡት። በፈጣን መንገዱ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ከተነቀለ በኋላ ባለው ሳምንት አፍዎ አብጦ በሚኒባስ መንገላታት ደስ አይልም። ልጅዎ ከፍላ የሚሠራው ሥራ አዳማ ውስጥ ክትትል ካለው እኔ እሱን አስቀድማለሁ።

ስለ ልጅ ልጅዎ። ቡናማው ቀለም የሚወሰነው እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ በሚጠጣው ውሃ ነው። የአዳማ ቧንቧ ውሃ በብዛት ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ከጥልቅ ጉድጓድ ከሚወጣው ይሻላል። ግቢያችሁ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ካለ ለልብስና ለጽዳት ይሁን፣ ለልጁ አይስጡት። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን ጭራሽ ይከማቻል። ብዙ ሻይ ለልጅ አይስጡ፣ የሻይ ቅጠልም ፍሎራይድ አለው። የጥርስ ሳሙናውን አይከልክሉት፤ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ብሩሹ ላይ ያድርጉለት። አይዋጠው፣ ይትፋው። እርስዎም አብረውት ይቦርሹ።