25 ኤከር፣ አንድ ቤት፦ ስለ ሞንጎመሪ ካውንቲ የእርሻ ክልል ጥያቄና መልስ

ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ የእርሻ ክልል፣ ፑልስቪል፣ ዲከርሰንና ባርንስቪል አካባቢ፣ «ሰፊ ቦታ በርካሽ» የሚል ወሬ በሰዉ መካከል በብዛት ይዞራል። የመሬት ቅየሳ ሥራ ላይ የቆየሁ ስለሆንኩ ብዙዎቻችሁ በግል ትደውሉልኛላችሁ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው ጥያቄውን ሁሉ እዚህ አንድ ላይ ብንጨርሰው ይሻላል ብዬ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሥሩ ይንገሩን እስቲ። እዚያ ያለው መሬት ለምንድነው የረከሰው?

ቤት ስለማይሠራበት ነው። በደንብ ለመናገር፣ በ25 ኤከር አንድ ቤት ብቻ ስለሚፈቀድበት ነው። 25 ኤከር ወደ 10 ሄክታር ይጠጋል፤ በኛ አገር የድሮ ልክ ሩብ ጋሻ ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ካውንቲው በ1964 ባወጣው አጠቃላይ ዕቅድ ዕድገቱ ዛሬ 270 የምንለውን አውራ ጎዳና ተከትሎ እንዲሄድ፣ ግራና ቀኙ ግን ገጠር ሆኖ እንዲቆይ ወሰነ። ዕቅዱ ጥሩ ነበር፤ የሚያስከብረው ሕግ ግን አልነበረውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የካውንቲውን ሲሶ ያህል መሬት «ገጠር» ብለው መደቡና በ5 ኤከር አንድ ቤት ፈቀዱ። 5 ኤከር ሲባል ሰፊ ይመስላል። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። አንድ መቶ ኤከር እርሻ ለሃያ ሰው ይሸነሸናል፤ እያንዳንዱ መሀሉ ላይ ቪላውን ይሠራል፤ የቀረው ሣር ይሆናል። ኮምባይነር የማይዞርበት፣ በቆሎ የማይዘራበት፣ ለአንድ ቤተሰብ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ቦታ። የቀረው ገበሬም አዲሶቹ ጎረቤቶቹ በፍግ ሽታና በትራክተር ድምፅ ይከሱታል። የገጠር መኖሪያ ተብሎ የተመደበው መሬት እርሻውን ከከተማው ባልተናነሰ ፍጥነት እየበላው መሆኑ የታየው ያኔ ነው።

በ1980 ሮይስ ሃንሰን የፕላኒንግ ቦርዱ ሊቀመንበር በነበረበት ጊዜ አዲሱ ዕቅድ ጸደቀ፤ በጃንዩወሪ 1981 ካርታው ተቀየረ። 93,000 ኤከር ገደማ፣ የካውንቲው መሬት ሲሶ ያህል፣ በ5 ኤከር አንድ ቤት ከሚፈቀድበት በ25 ኤከር አንድ ቤት ወደሚፈቀድበት ምድብ ተዛወረ፤ የእርሻ ክልሉ የምንለው ይህ ነው። ዛሬ የምድቡ ስም «ኤ አር» ነው፤ በድሮ ሰነዶች ላይ «አር ዲ ቲ» ተብሎ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ መሬቱ የግል ነው አይደል? አንድ ቀን አድረው ዋጋውን ሲጥሉት ካሳ የለም? ይሄ ነጠቃ ነው።

ብዙ ገበሬዎችም ያኔ እንደዚሁ ብለዋል፤ ፍርድ ቤትም ሄደዋል። ግን የአሜሪካ ሕግ በዚህ ላይ የቆየ አቋም አለው። በ1926 ኦሃዮ ውስጥ ዩክሊድ የምትባል መንደር መሬቱን የመደበችበት አንድ የመሬት ኩባንያ፣ በኤከር 10,000 ዶላር የሚያወጣው ወደ 2,500 ወረደብኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ። ተረታ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ መውረዱ ብቻውን እንደ መንጠቅ አይቆጠርም። ባለቤቱ በመሬቱ የሚጠቀምበት ነገር እስከተረፈለት ድረስ፣ እርሻ ደግሞ ጥቅም ነው፣ መንግሥት ካሳ የመክፈል ግዴታ የለበትም።

ይሁንና ሞንጎመሪ ባዶ እጃቸውን አልሰደዳቸውም። ቀጣዩ ጥያቄ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ «ቲ ዲ አር» የሚባለው ምንድነው? ደላላው «ቲ ዲ አሩ ተሽጧል፣ ግን ችግር የለውም» አለኝ።

ወንድሜ፣ ትልቁ ችግር እሱ ነው። እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብበኝ።

ካውንቲው ቤት የመሥራት መብትን ከመሬቱ ለይቶ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አደረገው፤ ቲ ዲ አር የሚባለው ይህ መብት ነው። 100 ኤከር የነበረው ገበሬ በድሮው ሕግ 20 ቤት ይሠራ ነበር። በአዲሱ 4 ብቻ። ግን በየ5 ኤከሩ አንድ፣ ማለትም 20 የግንባታ መብት ተሰጠው። እነዚህን ከተማ አካባቢ ከተፈቀደለት በላይ ብዙ ቤት መሥራት ለሚፈልግ አልሚ ይሸጣል፤ እርሻውን እያረሰ ገንዘቡን ይወስዳል። እዚያው እርሻው ላይ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ቤት ግን አንድ መብት ማስቀረት አለበት። አራቱን አስቀርቶ አሥራ ስድስቱን ከሸጠ አራት ቤት ይሠራል። ሃያውንም ከሸጠ ለአዲስ ቤት የሚሆን መብት አልቀረውም፤ ከእሱ የሚገዛውም እንደዚያው። መሬቱ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ ቢኖረው፣ አስፋልት ዳር ቢሆን፣ ለውጥ የለውም።

መብቱ ሲሸጥ በመሬቱ ላይ ኢዝመንት፣ ማለትም ግንባታን የሚገድብ ሰነድ፣ ይመዘገባል፤ ኢዝመንቱ ባለቤት ቢቀያየርም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የዞኒንጉን፣ ማለትም የመሬት ምድቡን፣ ካርታ አይተህ «25 ኤከር አለኝ፣ አንድ ቤት ይገባኛል» ብትል ካርታው አይዋሽም፤ ሙሉውን ግን አይነግርህም። መልሱ ያለው መዝገብ ቤት ነው። የሜሪላንድ የመሬት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል። ከንብረት ግብር ገጹ ላይ «ሊበር» እና «ፎሊዮ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ትወስዳለህ፤ አንዱ የመዝገቡ፣ ሁለተኛው የገጹ ቁጥር ነው። በእነሱ ዲዱን፣ ማለትም የባለቤትነት ማስተላለፊያ ሰነዱን፣ ትከፍታለህ፤ ዲዱ ከማን እንደተገዛ ይነግርሃል፤ የዚያን ሰው ስም ይዘህ ወደኋላ ትሄዳለህ፣ እስከ 1981 ድረስ። መንገድ ላይ «ኢዝመንት» የሚል ርዕስ ያለው ሰነድ ካገኘህ ስንት መብት እንደተሸጠና ስንት እንደቀረ ተጽፎበታል። ከዚያም በካውንቲው የፕላኒንግ መሥሪያ ቤት አረጋግጥ። ደላላው «ችግር የለውም» ካለ በጽሑፍ ይስጥህ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

በነገራችን ላይ ይህ ሥርዓት ለስላሳ አልነበረም። መብቱ የሚያርፍባቸው ሰፈሮች ነዋሪዎች «የገበሬውን ሸክም ለምን እኛ ላይ» ብለው ተከራክረዋል። በ1987 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አሠራሩን ነቀፈ፤ ተጨማሪው የቤት ብዛት በዕቅድ ሰነድ ሳይሆን በዞኒንግ ሕጉ ራሱ መወሰን አለበት አለ፤ ካውንቲውም ሕጉን አስተካከለ። ኋላ ደግሞ እዚያው እርሻው ላይ ቤት ለመሥራት የቀረችውን መብት ከገበሬው የሚገዙበት የተለየ አሠራር አመጡ፤ «ቢ ኤል ቲ» ይሉታል። እሱ የተመዘገበበት መሬት ላይ ያች መብትም ለዘለቄታው ተዘግታለች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። የተከራየነው አዳራሽ ጠቦናል። 30 ኤከር ተገኝቷል፣ ዋጋው ከከተማው ጋር አይወዳደርም። ምእመናኑ ጓጉተዋል። ምን ይመክሩናል?

ቀብድ አትክፈሉ። ቢያንስ አሁን አትክፈሉ።

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የእናቶቻችን መባ ነው። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በ2004 ቤቴል ወርልድ አውትሪች የሚባል ቤተ ክርስቲያን ጀርመንታውን አጠገብ 119 ኤከር ገዛ። ያኔ በዚያ ምድብ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ይፈቀድ ነበር። 3,000 ሰው የሚይዝ ሕንፃ አሰቡ፤ ለዚያ የካውንቲው ቧንቧና ፍሳሽ መስመር ያስፈልጋል። በ2005 ካውንስሉ በእርሻ ክልሉ ውስጥ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለግል ትምህርት ቤቶችና ለመሰል ተቋማት ያንን መስመር አልዘረጋም ብሎ ወሰነ። ወደ 800 ሰው ዝቅ አድርገው በራሳቸው ሴፕቲክ፣ ማለትም ፍሳሹን እዚያው አፈር ውስጥ በሚያስቀር ጉድጓድ፣ ሊሠሩ ሞከሩ። በ2007 ደግሞ የቲ ዲ አር ኢዝመንት ባለበት መሬት ላይ እንዲህ ያሉ ተቋማት ጭራሽ እንዳይሠሩ ተከለከለ። ከሰሱ። በ2013 የፌዴራሉ አራተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የሃይማኖት ተቋማትን የመሬት አጠቃቀም መብት የሚጠብቀውን የ2000 ሕግ ጠቅሶ፣ «ከባድ ጫና ተደርጎብናል» የሚለው ክሳቸው እንዲታይ ፈቀደ። ሌሎቹን ክሶቻቸውን አልተቀበለም።

ሰዎች ይህን ይዘው «ቤተ ክርስቲያን አሸንፏል፣ እኛም እናሸንፋለን» ይላሉ። ፍርዱን ግን እስከ ታች አንብቡት። ፍርድ ቤቱ ክብደት የሰጠው ቤቴል መሬቱን ሲገዛ መሥራት ይፈቀድ ስለነበር፣ እሠራለሁ ብሎ መጠበቁ ምክንያት ያለው በመሆኑ ነው። እናንተ ዛሬ ክልከላው ተጽፎ እያለ ኢዝመንት ያለበትን ብትገዙ ያ ክርክር ለእናንተ አይሠራም። እያወቃችሁ ገዛችሁ ትባላላችሁ።

ኢዝመንት የሌለበት ሆኖ ከተገኘ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ግን የቧንቧ መስመር የለም፤ ሁሉም በጉድጓድ ውኃና በሴፕቲክ ነው፤ የጥምቀት ዕለት የሚመጣውን ሕዝብ አስቡት። በእኔ አስተያየት ያንኑ ገንዘብ በከተማው ክልል ለትንሽ ቦታ ወይም ለአሮጌ የቢሮ ሕንፃ ብታውሉት ታቦቱ ቶሎ ይገባል። የግድ ይሁን ካላችሁ ውሉ ውስጥ «ፈቃድ ካልተገኘ ገንዘቡ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ይግባ።

ጥያቄ፦ ሴፕቲክ ካሉ አይቀር፣ «ፐርክ ቴስት» የሚሉት ምንድነው?

አፈሩ ፍሳሽ መምጠጥ መቻሉን መፈተኛ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ውኃ ይሞላል፣ ውኃው አንድ ኢንች ለመውረድ የፈጀው ጊዜ በሰዓት ይለካል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ ከፈጠነ ፍሳሹ ሳይጣራ የጉድጓድ ውኃችሁ ውስጥ ይገባል፤ ከዘገየ ሜዳ ላይ ይወጣል። በዚያ አካባቢ ከላይ ሲያዩት ለም የሚመስል፣ ትንሽ ዝቅ ሲሉ ሸክላ ወይም ዐለት የሆነ ቦታ ብዙ አጋጥሞኛል። «ፐርክ አላለፈም» የተባለ መሬት መብት ቢኖረውም ቤት የለውም።

ጥያቄ፦ ከገዛሁ በኋላ ምድቡ እንዲቀየርልኝ ማመልከት አልችልም?

ማመልከት ይቻላል። ማግኘት ሌላ ነው። በሜሪላንድ አንድን ቦታ ለይቶ ለመቀየር ወይ የአካባቢው ጠባይ እንደተለወጠ፣ ወይ መጀመሪያ ሲመደብ ስሕተት እንደነበረ ማስረዳት አለብህ። ዙሪያው ሁሉ በቆሎና አኩሪ አተር ሆኖ «አካባቢው ተለውጧል» ማለት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይሄ ሁሉ «እርሻ መጠበቅ» ሀብታም ነጮች ከፈረሶቻቸው ጋር በሰላም እንዲኖሩ የተሠራ አይደለም? እኛ በአንድ መኝታ ቤት አራት ሆነን ኪራይ አልቻልንም።

እህቴ፣ ግማሹ እውነት ነው። እዚያ ፈረስ እንደሚበዛ መንገዱን ያየ ሁሉ ያውቃል። በዋሽንግተን ዙሪያ መሬት በጠበበ ቁጥር የቤት ዋጋ እንደሚወጣም አልክድም።

ግን ክልሉ ቢፈታ እዚያ የሚሠራው ለእኔና ለአንቺ የሚሆን አፓርታማ አይደለም። ቧንቧ የለም፣ አውቶቡስ የለም፤ የሚሠራው በ1970ዎቹ የተሠራው ዓይነት ቪላ ነው። የኪራዩ መልስ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ነው። ይኸው ካውንቲ በ1974 አልሚዎች ከሚሠሩት ቤት የተወሰነውን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያቀርቡ አስገድዷል፤ «ኤም ፒ ዲ ዩ» የምንለው እሱ ነው። ቁጣሽን ከእርሻው ይልቅ እዚህ ላይ አውይው፤ ከተማው ውስጥ ብዙ ቤት እንዳይሠራ በየስብሰባው የሚቃወሙት ሰዎች የገበሬ ጎረቤቶች አይደሉም። ካውንስሉ ፊት ቀርቦ መናገር ለማንም ነዋሪ ክፍት ነው፤ ቀድመሽ ካሳወቅሽ አስተርጓሚ ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ ግብሩስ? «የእርሻ መሬት ግብር የለውም» ይባላል።

አለው፤ ትንሽ ነው። ሜሪላንድ በ1956 መሬትን በገበያ ዋጋው ሳይሆን በእርሻ ጥቅሙ መገመት የጀመረች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት። ነገር ግን ማረስ ግዴታ ነው። ከ20 ኤከር በታች ከሆነ በዓመት 2,500 ዶላር የእርሻ ገቢ ማሳየት ሊጠየቅ ይችላል። እርሻውን አቁመው ለሌላ ነገር ሲያውሉት ደግሞ የማዛወሪያ ግብር አለ፤ ለ20 ኤከርና ከዚያ በላይ 5 በመቶ፣ ሌላ ጭማሪም ይከተለዋል።

ጥያቄ፦ ይሄን ነገር አገራችን ላይ መሥራት አይቻልም? አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ጤፍ አልቆ ኮንዶሚኒየም ሆነ።

በዚህ መልኩ አይቻልም። ቲ ዲ አር የሚሠራው መሬቱ የግል ሆኖ የሚሸጥ መብት ሲኖር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ሲነሣ በአዋጅ ካሳ ይተመንለታል። በ2019 የወጣው አዋጅ ለዘለቄታው ለሚነሣ ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ይሰጠዋል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ እዚህ ገበሬው የሚከፈለው እያረሰ እንዲቆይ ነው፤ እዚያ የሚከፈለው እንዲለቅ ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ዕቅድ ያስነሣውን ተቃውሞ፣ በ2016 መጀመሪያ እንደተሰረዘም ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ እሱን እዚህ አልከፍተውም።

ጥያቄ፦ አንድ ፈረንጅ ገበሬ ለልጆቹ ቤት ሲሠራ አየሁ። እኔ ብገዛ ለሦስቱ ልጆቼ አይፈቀድልኝም?

አይፈቀድልህም። ያ የልጅ ድርሻ የሚባለው ነው፤ የሚመለከተው ካርታው ከተቀየረበት ከጃንዩወሪ 1981 በፊት ጀምሮ መሬቱን በስማቸው የያዙትን ብቻ ነው። ሊሸጥልህ የፈለገው ሰው ያንን መብት አብሬ እሸጥልሃለሁ ካለ ከእሱ ጋር ንግግሩን አቁም። መሬቱ ሳያስፈልግህ ለፋሲካ በግ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ግን፣ እዚያው ያሉ ገበሬዎች ከነነፍሱ ይሸጡልሃል፤ ቀደም ብለህ ደውል።