ሴቷ ራሷ የምትመረምርባቸው የተከታታይ ገዳይ ፊልሞች፦ ለወልድያዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጠየቅሽው፣ ስለ ተከታታይ ገዳዮች ከተሠሩት ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች መካከል ሴቷ ለመጮህና ለመሞት ብቻ ያልገባችባቸው የትኞቹ እንደሆኑ፣ ከሁለቱ እህቶችሽ ጋር ለማየትም በአማርኛ የተተረጎመው ይሻል እንደሆነ ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለብዙ ዓመታት ፊልም አከራይ ስለነበርሁ፣ ሴቶች ደንበኞቼ እንዲህ ያለውን ፊልም ሲመልሱ የሚሉትን እየሰማሁ ያወቅሁትን ልጻፍልሽ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሽፋኑ ላይ የሴት ፎቶ መኖሩ ማረጋገጫ አይሆንሽም። ፍንጩን የሚያገኘው ማን እንደሆነ ተመልከቺ፤ የተገደሉት ሴቶችም ስምና ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ሆነው ቀርበው እንደሆነ አስተውዪ። ብዙዎቹ ፊልሞች በዚህ በሁለተኛው ይወድቃሉ።

እስካሁን የሚስተካከለው ያላገኘሁለት ጆናታን ዴሚ በ1991 ያቀረበው «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ነው። ጆዲ ፎስተር ክላሪስ ስታርሊንግ የተባለች የኤፍ ቢ አይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ሠልጣኝ ሆና ትጫወታለች። ሰው ሁሉ የሚያነሣው አንቶኒ ሆፕኪንስ የተጫወተውን ሰው በላ ሐኪም ነው፤ እኔ ግን ፊልሙ የእርሷ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ገና ሲጀመር ከልምምድ ሜዳ ተጠርታ አሳንሰር ውስጥ ስትገባ፣ ቀይ ካናቴራ በለበሱ ረጃጅም ወንዶች መካከል ቆማ እናያታለን፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፣ ሆኖም የቆመችበት ቦታ ምን ዓይነት እንደሆነ ወዲያው ይገባናል። ኋላም አስከሬን ለመመርመር በሄደችበት የገጠር ከተማ፣ ክፍሉን የሞሉት ፖሊሶች ሲያፈጡባት፣ በትሕትና አመስግና ለሟቿ የሚደረገውን እንድናደርግላት እባካችሁ ውጡልን ትላቸዋለች። ዴሚ ወንዶቹ ክላሪስን ሲያነጋግሩ በቀጥታ ወደ ካሜራው እንዲመለከቱ በማድረጉ፣ ዓይናቸው እርሷ ላይ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹም ላይ ያርፋል። አንዲት ነርስ ደንበኛዬ ሲዲውን ስትመልስ ስለ ሰው በላው አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ስለዚያ የአስከሬን ክፍል ግን ቆማ ብዙ አወራችኝ፤ «እኛንም ሥራ ላይ እንዲህ ነው የሚያዩን» አለችኝ። ፊልሙ በምርጥ ፊልም፣ በዳይሬክተር፣ በወንድና በሴት መሪ ተዋናይ፣ እንዲሁም ከመጽሐፍ በተወሰደ ድርሰት 5 ኦስካር ማግኘቱ የሚገባው ነው እላለሁ።

እህቶችሽ የሕንድ ፊልም የለመዱ ከሆኑ «ማርዳኒ 2» (2019) ደስ ይላቸዋል። ራኒ ሙከርጂ ኮታ በተባለችው የራጃስታን ከተማ የፖሊስ ኃላፊ ሆና አንድ ወጣት ገዳይ ታሳድዳለች። ገዳዩን ከመጀመሪያው እናውቀዋለን፤ ጥያቄው በትእዛዟ መመራት የሚከብዳቸውን ወንዶች ይዛ እንዴት ትደርስበታለች የሚለው ነው።

በጣም የነካኝን ልንገርሽ። አሊ አባሲ የሠራው «ሆሊ ስፓይደር» (2022) በኢራኗ መሽሐድ ከተማ በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. 16 ሴቶችን በገደለው በሳኢድ ሐናኢ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ነገሩን የምትከታተለዋ ጋዜጠኛ ግን የፈጠራ ገጸ ባሕርይ ናት። ይህች ጋዜጠኛ ሆቴል ስትደርስ ብቻዋን የመጣች ሴት በመሆኗ ክፍል ሊከለክሏት ይሞክራሉ። ለሥራ ብቻዋን የተጓዘች የእኛ አገር ሴትም ይህን ለማወቅ ፊልም አያስፈልጋትም። የተገደሉት በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች በመሆናቸው፣ ገዳዩ ከተያዘ በኋላ እንኳ ከተማዋን አጸዳልን ብለው የሚያመሰግኑት ሰዎች መኖራቸው ከግድያው ይልቅ ያስደነግጣል። ዛር አሚር ኢብራሂሚ በዚህ ሥራዋ በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይትነትን ሽልማት አግኝታለች፤ መጀመሪያ ወደ ፊልሙ የገባችው ተዋንያን ለመምረጥ ነበር። ነገር ግን ግድያዎቹን በቅርብና በርዝመት ስለሚያሳይ ለሁሉም ሰው አይሆንም።

ጋዜጠኛ ሴት የምትመራው ሌላው «ቦስተን ስትራንግለር» (2023) ነው። ኪራ ናይትሊ የምትጫወታት ሎሬታ ማክላክሊን በ1960ዎቹ በቦስተን የተፈጸሙት ግድያዎች እንደሚያያዙ በጋዜጣ የጻፈች እውነተኛ ሰው ናት። ፊልሙ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ደም አያበዛም። «ኮፒካት» (1995) ደግሞ ሲጎርኒ ዊቨርንና ሆሊ ሃንተርን፣ ከቤት መውጣት የሚያስፈራትን የሥነ ልቦና ባለሙያና መርማሪ ፖሊሷን፣ ያጣምራል፤ ሁለት ሴቶች ተደጋግፈው ስለሚሠሩበት እወደዋለሁ።

ሴቷ ራሷ ገዳይ የሆነችበትን ከፈለግሽ የፓቲ ጄንኪንስ «ሞንስተር» (2003) አለ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ቻርሊዝ ቴሮን፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ወንዶችን ገድላ በ2002 በሞት የተቀጣችውን አይሊን ዎርኖስን ተጫውታ ኦስካር ወስዳበታለች። ልብ የሚሰብር ፊልም ነው፤ ለጨዋታ ምሽት አትምረጪው።

ስለ ትርጉሙ፦ የሕንዱን በአማርኛ ትርጉም ብታገኙት ጉዳት የለውም፣ ንግግር የሚበዛበት ነውና። ሌሎቹን ግን በሰብታይትል አስጭኑ። የክላሪስ ፊልም መጨረሻ አካባቢ እርሷ በድቅድቅ ጨለማ ስትዳብስ፣ ገዳዩ በጨለማ በሚያሳይ መነጽር ያያታል፤ የሚሰማው ትንፋሿ ነው። የኮሪያው «ሚድናይት» (2021) መሪ ገጸ ባሕርይም መስማት የተሳናት ወጣት በመሆኗ ድምፁ በየመሐሉ ይጠፋል፤ ገዳዩ ከኋላዋ መቆሙን እኛ ስናይ እርሷ አትሰማም። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ተርጓሚው «አሁን ከኋላዋ ደርሷል» እያለ ሲያወራ ፊልሙ ያልቅለታል። እንግሊዝኛው የሚከብዳት እህትሽ ካለች አንዳችሁ ብታነብቡላት ይሻላል፤ የደከመ ተርጓሚ ከሚያወራባችሁ ቆም እያደረጋችሁ ተነጋገሩበት።

ታናሽ እህትሽ 11ኛ ክፍል ናት ብለሻልና፣ ከእርሷ ጋር በ«ቦስተን ስትራንግለር» ጀምሩ። «ሆሊ ስፓይደር»ን ግን ቀድመሽ ብቻሽን እዪው፤ ለእርሷ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ከዚያ በኋላ አንቺ ትወስኛለሽ።