ጥናቴን ማን ያንብብልኝ? ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ለምን ሥራ ላይ አይውሉም ብዬ ባለፈው ጠይቄ ነበር። ከድሬዳዋም ከሐረርም ደብዳቤ መጣልኝ። አብዛኛው ከመምህራንና ከተማሪዎች ነው። አንዱ ግን ከመንግሥት ቢሮ ነው፤ እሱን ደጋግሜ አነበብኩት። የተወሰኑትን አሳጥሬ ላቅርብ።

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ የምኖር የኅብረተሰብ ጤና መምህር ነኝ። ሰው ውሃ በሚያጠራቅምባቸው በርሜሎችና ሮቶዎች ውስጥ ስለሚራቡ ትንኞች አጥንቼ ውጭ አገር መጽሔት ላይ አሳትሜአለሁ። አስጠርዤም ለሚመለከተው ቢሮ ሰጠሁ። ዓመት ሞላው፤ የጠራኝ ሰው የለም።»

መልስ፦ መምህር፣ የያዙት ጉዳይ የድሬ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ መጣብን። በ2011 ማብቂያ ላይ ቺኩንጉንያ የሚባል ሌላ የትንኝ በሽታ ገባና ስንቱ ቤት ሙሉ ቤተሰቡ ተኛ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በበጋው ተነሣ። ያኔ ተመራማሪዎች ነገሩን ሲከታተሉ አኖፌለስ ስቴፌንሲ የምትባለውን ትንኝ አገኙ። ከእስያ የመጣች ናት። በአገራችን መጀመሪያ የታየችው በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ ረግረግና ኩሬ ትፈልጋለች። ይቺኛዋ ግን የከተማ ናት፤ በርሜልና ገንዳ ይበቃታል። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ ሌላ ብትሆንም፣ እሷም የምትፈለፈለው እዚያው በርሜል ውስጥ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ጥናቱን ለጤና ሰዎች ብቻ መስጠት አይበቃም። ሰው በርሜል የሚሞላው ወዶ አይደለም። ቧንቧው ሲቆራረጥ ጊዜ ነው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፤ ውሃው ሲጠፋ የሚታመመው ልጃችን ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ይዘው የውሃ ሰዎች ጋ ይሂዱ። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡት ጋም ይሂዱ፤ ለሲሚንቶ ሥራ ውሃ የሚያቁሩት ጉድጓዶች የትንኟ ቤት ናቸው። ቀበሌም ይውረዱ፤ የበርሜል ክዳንና በየሳምንቱ አጥቦ መድፋት የሚሳካው እዚያ ነው።

የተጠረዘውን ቅጂ ደግሞ ይተዉት። እኔም አንድ ጊዜ ወፍራም ጥራዝ ይዤ አንድ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። በትሕትና ተቀበሉኝ። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉትና «እሺ አቦ፣ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ናሙና አወሳሰዴ አንድ ሰዓት መናገር እችል ነበር። ሰኞ ጠዋት ምን ይሠራ ለሚለው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አላዘጋጀሁም። ያ ቀን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሁለት ገጽ ይጻፉ። በአማርኛ ይሁን፤ የድሬዳዋ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ምን ይደረግ፣ ማን ያድርገው፣ በግምት ምን ያህል ብር ይፈጃል የሚለውን ይናገር። ዘዴው መጨረሻ ላይ ይምጣ። የሚሄዱበትን ጊዜም ያስቡበት። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ የሚመጣ ሐሳብ፣ እንጀራው ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ እንደሚደርስ እንግዳ ነው። ቢሮዎች ዕቅድ በሚያዘጋጁበት በየካቲትና በመጋቢት ይግቡ።

ጥያቄ፦ «እኔ በአንድ ቢሮ የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ተመራማሪዎች መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ። ፋይል አውጥተን እንሰጣለን። ከዚያ አናያቸውም። አሁን እኛ ነን አናነብም የምንባለው?»

መልስ፦ እውነትዎን ነው። እንደ አንድ የቀድሞ መምህር ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

አንድ ነገር በእጅዎ አለ። ተማሪውም መምህሩም መረጃ ለመውሰድ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ሲፈቅዱለት «ሥራው ሲያልቅ የሁለት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ ለቢሮው ያቀርባል፣ መጥቶም ያስረዳል» የሚል መስመር ያስገቡና ያስፈርሙት። ሌላው፣ ቢሮዎ መልስ ያጣባቸውን አምስት ጥያቄዎች ጽፈው በየዓመቱ መስከረም ላይ ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ክፍል ይላኩ። ያኔ ርዕስ ፍለጋ የሚንከራተት የማስተርስ ተማሪ ስንት እንደሆነ ቢያዩ ይገርምዎታል። ጥያቄው ከእናንተ የመነጨ ጥናት ሲመለስ አንባቢ አያጣም፤ ጠያቂው ራሱ ይጠብቀዋላ።

ለተመራማሪዎችም በዚሁ ልንገራችሁ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቀርሳ ወረዳ ላይ ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ ኖሯል። ለዓመታት እዚያው የቆየ ሰው ሲናገር ይደመጣል። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚጠፋ ሰው ግን ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እንግዳ ነው።

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነው የሠራሁት። ባቀረብኩበት ሁሉ ያጨበጭባሉ። አሁን ግን ጎርፍ የማንም ጉዳይ አይደለም። ተስፋ ልቁረጥ?»

መልስ፦ በፍጹም! ደቻቱን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ዝናቡ ላይኛው ደጋ ላይ ጣለና ጎርፉ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ያለውን ሰው ደረሰበት። ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አጣን።

ጆን ኪንግደን የሚባል አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሐሳብ አለ። ሦስት ጅረቶች አሉ ይላል። አንዱ ችግሩ ነው፣ ሁለተኛው መፍትሔው፣ ሦስተኛው ፖለቲካው። እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይፈሳል። አልፎ አልፎ ሲገናኙ ግን መስኮት ይከፈታል፤ ያኔ ያልታሰበ ውሳኔ በአጭር ጊዜ ይወሰናል። መስኮቱ ብዙ አይቆይም። መፍትሔው ያኔ መጠናት ከጀመረ አይደርስም።

የእርስዎ ሥራ አሁን መፍትሔውን ዝግጁ ማድረግ ነው። ላይ ዝናብ ሲጥል ማን ለማን ይደውላል? በየትኛው ቋንቋ? የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይጠቅማል ወይ? ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው? ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው ከአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ሰዎች ጋር በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ ይከልሱት። አዲስ ኃላፊ ሲሾም ደግሞ በመጀመሪያው ወር ይሂዱና እንደገና ያስረዱ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሰው የሚተርፈው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ሐረር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በግንብ የታጠረው የአሮጌው ከተማ፣ የጀጎል፣ ነባር ቤቶች በሲሚንቶና በቆርቆሮ እየተለወጡ ነው። ጥናቴን ለማን ልስጥ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ግንቡ ብቻ አይደለም። ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው የተመዘገበው። ስለዚህ ከባለቤቶቹ ጀምሪ። ነደባው ላይ፣ በሐረሪ ቤት ውስጥ ባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ተቀምጠሽ እናቶችን ጠይቂ፤ ጣሪያው ሲያፈስ በነባሩ መንገድ ማደስ ምን ያህል ያስወጣቸዋል? አናጢና ግንበኛው የት ይገኛል? ዋጋው ካልተነሳ «አትንኩ» የሚል ምክር ለድሃ ቤተሰብ አይሠራም።

ቀጥሎ አፎቻዎቹን፣ የሐረርን የመረዳጃ ማኅበራት፣ አግኚ። ሐረር ውስጥ ነገር የሚመከረው በለቅሶና በሠርግ በሚሰበሰቡት በእነሱ ዘንድ ነው። ከዚያ የቅርስ ቢሮው አለ፤ ምክር ቤቱም አለ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት ሁለት ጉባኤ እንዳለው አትርሺ፦ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤና የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ። የባህልና የቅርስ ነገር ሁለተኛውን በቅርብ ይመለከተዋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው። ማጠቃለያሽን በሁለቱም አስተርጉሚ። ጓደኛ ይርዳሽ፤ ሁለት ገጽ ነው።

ጥያቄ፦ «ውጤቴ የአንድን ፕሮጀክት ድክመት ያሳያል። ይፋ ካደረግኩት እንዳይጠምዱኝ እፈራለሁ።»

መልስ፦ ፍርሃትህ ይገባኛል። መጀመሪያ ለራሳቸው አሳያቸው። ጋዜጣ ላይ ወይም ስብሰባ ላይ እንዲሰሙት አታድርግ። ሁለት ሳምንት ስጣቸውና የቁጥር ስህተት ካለ ያርሙህ። ግኝቱን ግን አትቀይር። ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ጻፍ፤ ከድክመቱ ጎን የሚሠራ አማራጭ አስቀምጥ። ብቻህንም አትሂድ፤ የትምህርት ክፍልህ አብሮህ ይሁን። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለአካዳሚክ ነፃነት ዕውቅና ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲህ ከኋላህ መቆም አለበት፤ ጥናቱን ይፋ ከማድረግህ በፊት ይህን ከዲንህ ጋር ተነጋገርበት።

ጥያቄ፦ «ይህ ሁሉ ድካም ለደረጃ ዕድገት ይቆጠርልኛል?»

መልስ፦ የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር እኩል የዩኒቨርሲቲ ተልዕኮ ነው። ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ግን በየተቋሙ ሕግ ይወሰናል። የራስህን ዩኒቨርሲቲ ሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም የውስጥ ደንቡን፣ አውጥተህ አንብብ። ቢሮ ሄደህ ባስረዳህ ቁጥር ማኅተም ያለው ደብዳቤ ተቀበልና ፋይልህ ውስጥ አስቀምጥ።