ሲግል ለምን ያበራል? ከኩራዝ እስከ ኤርታሌ፣ ጥያቄና መልስ

ስለ ግለትና ስለ ብርሃን የመጣላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው፤ በትርፍ ሰዓቴ የጎረቤት ምድጃ እጠግናለሁ። የጥያቄው ግማሽ ከኩሽና መምጣቱ ታዲያ አልገረመኝም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ ዲግሪው ሴንቲግሬድ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ብረት ሲግል ለምን ይቀላል? መዳብ ቢሆንስ ቀለሙ ይለያል?

ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ያበራል። አንተም አሁን እያበራህ ነው፤ ብርሃንህ ግን ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው። በኮቪድ ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው ቴርሞሜትር የሚለካው እሱን ነበር። ነገሩ እየጋለ ሲሄድ ብርሃኑ ይበረታል፣ ዓይን ወደሚያየውም ይገፋል። መጀመሪያ የሚታየን ቀዩ ነው። ጆን ድሬፐር የሚባል ሳይንቲስት በ1847 መነሻውን 525 ዲግሪ አካባቢ አገኘው፤ ብረትም ይሁን ሸክላ ብዙ ለውጥ የለውም። 800 አካባቢ ደማቅ ቀይ፣ 1000 ላይ ብርቱካናማ፣ 1200 ላይ ቢጫ፣ ከዚያ እያለ ወደ ነጭ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለሙ የሚነግርህ ምን ያህል እንደጋለ ነው፣ ዕቃው ምን እንደሆነ አይደለም። መዳብም መጀመሪያ ይቀላል፤ ግን 1085 ላይ ስለሚቀልጥ ቢጫው ላይ ሳይደርስ እጅህ ላይ ይፈስሳል።

ጥያቄ፦ ቀጥቃጮች ለምን ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ይሠራሉ?

ቀለሙን ለማየት። ፀሐይ ላይ ያወጣኸው ቀይ ብረት ጥቁር ይመስላል፤ እጁን የሚያቃጥልም ብዙው እንዲህ ተታሎ ነው። ወናፉ ሲነፋ ባለሙያው ዓይኑን ከብረቱ የማይነቅለውም ለዚሁ ነው። ማግኔት የሚጠቀሙም አሉ፤ ብረት 770 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል።

ጥያቄ፦ ኩራዝ ቢጫ ነው፣ የጋዝ ምድጃ ግን ሰማያዊ። ታዲያ ሰማያዊው ይበልጥ ግሏል ማለት ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኩራዙ ቢጫ የጥላሸት ብርሃን ነው። ላምባው በደንብ ስለማይቃጠል ነበልባሉ ውስጥ ደቃቅ ካርቦን ይቀራል፤ እሱ ግሎ ያበራል፣ ቀሪው ጣራ ያጠቁራል። የጋዝ ምድጃው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል ጥላሸት የለውም። ሰማያዊው የሚመጣው በቃጠሎው መሀል ከሚፈጠሩ ሞለኪውሎች ነው እንጂ ከግለት አይደለም። ሰማያዊው ወደ ቢጫ ካደላብሽና ድስትሽ ከጠቆረ አየር አንሶታል፤ ቀዳዳውን አጽጂው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማሾ ፋኖስ በዚያው በላምባ እየሠራ ብርሃኑ እንዴት እንደዚያ ይነጣል?

የልጅነት ድግስና ለቅሶ ትዝ አለኝ! ማሾ ውስጥ የሚያበራው እሳቱ ሳይሆን በላዩ የታሰረችው የጨርቅ መረብ ናት። አውስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ በ1885 የፈጠራ መብት ያስመዘገበባት ነገር ናት። ጨርቁ በመጀመሪያው ቃጠሎ ያልቃል፤ የሚቀረው የቶሪየም ኦክሳይድ አጽም ነው፣ 1 በመቶ ያህል ሴሪየም የተጨመረበት። ይህ ነገር በኢንፍራሬድ ብዙ አያባክንም፤ ስለዚህ በጣም ይግላል፣ ብርሃኑንም ዓይን በሚያየው በኩል ይሰጣል። ቅድም ያልኩትን የቀለም ደንብ ትንሽ ያጣምመዋል። አንዴ ከተቃጠለች በኋላ በጣት ብትነካት ዱቄት ትሆናለች። ቶሪየም ትንሽ ጨረር ስላለው ያንን ዱቄት ባትተነፍሰው ይሻላል፤ በኋላ የወጡት ብዙዎቹ ያለ ቶሪየም የተሠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ አምፖል ሁልጊዜ ልክ ሲበራ ነው የሚቃጠለው። ለምን?

ውስጡ ያለው ክር ቱንግስተን ነው፤ 3422 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ የሚሠራው 2500 አካባቢ ነው። ክሩ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት አቅም ሲግል ካለው አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ማብሪያውን ስትጫን ታዲያ ለቅጽበት ከልክ ያለፈ ኃይል ይገባዋል፤ የሳሳው ቦታ እዚያው ይበጠሳል። ቀስ እያለ የሚያሳሳው ትነት ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሙር አምፖል ውስጥ ጋዝ ያስገባው ይህን ትነት ለመቀነስ ነበር።

ዝቅ ባለ ግለት የሚሠራ አምፖል ግን ዕድሜው አይጣል ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተቋርጦ፣ እስካሁን የሚበራ አምፖል አለ። ብርሃኑ የ4 ዋት ያህል ነው፣ ደብዛዛ። ማንበብ አይቻልም እንጂ ቅርስ ነው።

ጥያቄ፦ የምድጃዬ ሪዚስታንስ ተበጠሰ። ጠምጥሜ አያያዝኩት፣ እንደገና ተበጠሰ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀለው! ሽቦው ኒክሮም ነው፣ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ። ሲግል ላዩ ላይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ይሠራል፤ አየር ላይ ቀልቶ ዓመታት የሚቆየው በዚያ ሽፋን ነው። የጠመጠምክበት ቦታ ግን እርስ በርሱ በደንብ አይነካካም። እዚያ ላይ ከሌላው ይበልጥ ይግላል፣ ይበላል። ሌላው ችግር ሲያጥር ነው፦ ሽቦው ባጠረ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ሁሉም ከልኩ በላይ ይቀላል። ልብ ብለህ እየው፤ ከቀይ አልፎ ወደ ብርቱካናማ ከሄደ ብዙ አይከርምም። አዲስ ግዛ፣ ርካሽ ነው።

ጥያቄ፦ ኤርታሌ ቀን ላይ ፎቶው ጥቁር ነው፣ ማታ እሳት ነው። የቱ ነው እውነቱ?

ሁለቱም። ቀልጦ የሚወጣው ድንጋይ ከ1100 ዲግሪ በላይ ነው፣ ብርቱካናማ መሆን አለበት። ግን አየር እንደነካው ላዩ ቶሎ ይቀዘቅዝና ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ነው ውስጡ የሚታየው። ማታ ደግሞ ደብዛዛው ቀይ ሁሉ ጎልቶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ የድሮውን አምፖል ከሱቅ አጣሁት። ኤልኢዲስ ይግላል?

ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ተራው የድሮ አምፖል እንዳይሸጥ ተደርጓል። ከሚበላው ኃይል 90 በመቶ በላይ ሙቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ኤልኢዲ በግለት አያበራም፤ እንዲያውም ሙቀት ጠላቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰል ሲያራግቡት ለምን ይደምቃል?

ኦክስጅን ስለሚያገኝ ቃጠሎው ይፈጥናል፣ አመዱም ይነሳለታል። ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም ብለህ ግን በር ዘግተህ አትተኛበት። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም።